«ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉን

አንድ ሠራተኛ «ለማጣራት ስለተፈለጉ ነገ በ4 ሰዓት ሰው ሀብት ቢሮ ይቅረቡ» የሚል ወረቀት ሲደርሰው መካሪ ይበዛለታል። ቤተሰቡም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ ድሮ አለቃ የነበረ ጎረቤቱም የሚሉት ከሁለት ነገር አይወጣም። «ጥፋት ከሌለብህ ምን አስጨነቀህ? ሄደህ እውነቱን መናገር ነው» ይሉታል። ጥፋት ካለበት ደግሞ «አንገትህን ደፋ አድርገህ ይቅርታ በል፣ እነሱም ሰው ናቸው» ይባላል። በሁለቱም ውስጥ መዘጋጀት የሚባል ነገር ቦታ የለውም። ጭራሽ ወረቀት የሚያሰባስብ፣ ቀን የሚቆጥር፣ የሥራ ደንቡን አሳዩኝ የሚል ሠራተኛ ከታየ «ይሄማ የሆነ ነገር አለበት» ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህ ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ቢሆንም ሰውን እንጀራውን ያሳጣል። መካሪዎቻችን የማጣሪያውን ስብሰባ ከሽማግሌ ጉባኤ፣ አንዳንዴም ከንስሐ ጋር ያምታቱታል። ለነፍስ አባት የተነገረ እዚያው ይቀራል። ለሰው ሀብት ኃላፊ የተነገረ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ፊርማ ያርፍበታል፤ በማህደር ይቀመጣል። ነገሩ ከከረረም ከወራት በኋላ የሥራ ክርክር ችሎት ፊት ይነበባል። ያን ቀን «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ቢሉ ሰሚ ማግኘት ከባድ ነው። ስብሰባው ጥፋት ይጣራበታል ቢባልም ዋናው ሥራው ወረቀት ማዘጋጀት ነው፤ ባዶ እጁን የገባ ሰው ወረቀቱን ሌላው ወገን ብቻውን እንዲጽፈው ፈቀደ ማለት ነው።

ንጹህ ሰው ዝግጅት አያሻውም ለሚለኝ የሊዩራ ኮሊንስን ታሪክ እነግረዋለሁ። ኮሊንስ በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ዋይንጋርተን በሚባል ድርጅት ሱቅ ውስጥ በምሳ መሸጫው ክፍል ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ቀን የሱቁ ሥራ አስኪያጅና የድርጅቱ መርማሪ ጠርተው አስቀመጧት። 2 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሚሸጥ ዶሮ ወስደሽ የከፈልሽው 1 ዶላር ብቻ ነው አሏት። የማኅበሬ ተወካይ ይምጣልኝ ብላ ደጋግማ ለመነች፤ ከለከሏት። እሷም የወሰድኩት የ1 ዶላሩን ነው፣ ትንሹ ካርቶን ስላለቀ በትልቁ አደረግሁት ብላ አስረዳች። መርማሪው ወጥቶ ባልደረቦቿን ሲጠይቅ እንዳለችው ሆኖ አገኘው። ተመልሶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ጉዳዩ አልቋል አላት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መካሪዎቻችን ልክ ነበሩ። ኮሊንስ ግን እንባ አመለጣትና «ከዚህ ሱቅ ሳልከፍል ያገኘሁት ነገር ቢኖር ነፃ ምሳዬ ብቻ ነው» አለች። ማንም ስለ ምሳ አልጠየቃትም። በዚያ ቅርንጫፍ ነፃ ምሳ አይፈቀድም ይባል ስለነበር ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ። የበላችው ሁሉ ተሰልቶ 160 ዶላር ገደማ ዕዳ እንዳለባት የሚገልጽ ጽሑፍ ተዘጋጀና ፈርሚ ተባለች። ደግነቱ አልፈርምም አለች። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደወል ክልከላው በዚያ ሱቅ የሚሠራ ስለመሆኑ እነሱም እርግጠኛ አልነበሩም። የክፍሉን ኃላፊ ጨምሮ ባልደረቦቿም ምሳቸውን ሳይከፍሉ ይበሉ ነበር።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1975 ማኅበር ያለው ሠራተኛ ቅጣት ያመጣብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት በሚሠጋበት ምርመራ ላይ ተወካዩ አብሮት እንዲቀመጥ የመጠየቅ መብት አለው ተብሎ ተወሰነ። አሜሪካኖች መብቱን ዛሬም በድርጅቱ ስም ይጠሩታል። እዚያ በሆቴል በማኅበር ታቅፈው የሚሠሩ ወገኖቻችንም ይህ መብት አላቸው፤ ካልጠየቁት ግን ማንም አያቀርብላቸውም። እኔን የሚገርመኝ ከፍርዱ ይልቅ እንባዋ ነው። ነፃ የወጣች ሴት፣ ነፃ መውጣቷ በተነገራት ደቂቃ፣ በራሷ አንደበት ሁለተኛ ክስ ከፈተች። ንጹህ ሰው ክብሩ ስለተነካ ብዙ ያወራል፤ ራሱን ለማስረዳት ያልተጠየቀውን ይጨምራል። የሚዘጋጀውም ለዚሁ ነው፤ የተጠየቀውን መልሶ ዝም ማለት እንዲችል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከስንብት በፊት የሚደረግ የማጣራት ስብሰባ እንዴት እንደሚካሄድ ዝርዝር ሥርዓት አላስቀመጠም። ከስንት ቀን በፊት ይጠራል? ሠራተኛው ከማን ጋር ይቀርባል? ይህ ሁሉ ለኅብረት ስምምነትና ለየድርጅቱ የሥራ ደንብ ተትቷል። ይህን ይዘው «እንግዲያው ሕጉም ምንም አላለልህ፣ ምን ይዘህ ልትገባ ነው?» የሚሉ አሉ። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የድርጅቱ ደንብ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ያንን ደንብ ቀድሞ ያላነበበ ሠራተኛ ደንቡ ተጥሶበት እንኳ አያውቅም። ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ ማኅበሩ የኅብረት ስምምነት በተፈራረመበት ቤት ቅጂው በተወካዩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ስንቱ ሠራተኛ ነው ከመታገዱ በፊት ጠይቆ ያነበበው?

ጨርሶ ዝም ተብሏል ማለትም አይቻልም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር 1983፣ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 158 አጽድቃለች። ስምምነቱ ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ ውጤቱ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ውንጀላ ራሱን የመከላከል ዕድል ይሰጠው ይላል፤ አሠሪው ያን ዕድል እንዲሰጥ የማይጠበቅበት ሁኔታ ካልገጠመ በቀር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። ዕድሉ የመከላከያ ነው ከተባለ ተከላካዩ የሚከላከልበትን ነገር ይዞ እንዲገባ ይጠበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የተጠራሁበት ጉዳይ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን የደንብ አንቀጽ ጥሰሃል እንደተባልኩ በጽሑፍ ይገለጽልኝ ማለት ነው። በጨዋ ቋንቋ፣ በአጭር ደብዳቤ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ተፈርሞበት። ይህ ትዕቢት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው እንኳ ምኑን እንደሚመረመር ይነገረዋል።

አሁን ደግሞ «እውነቱን ተናገር፣ ይበቃል» የሚለውን ወደ መጋዘን ወስደን እንየው። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ «በ12/04 ከመጋዘን 40 ካርቶን ዘይት ያለ ወጪ ማዘዣ ወጥቷል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት እንበል። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ቀኑን የቀዳው ከኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ወሩን አስቀድሞ ነው የሚጽፈው። 12/04 ማለቱ ዲሴምበር 4 ነው፤ በእኛ ኅዳር 25። ጸሐፊው ግን ታኅሣሥ 12 ብሎ አነበበው። ኅዳር 25 ሴትዮዋ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ቁልፉንም ለተተኪዋ አስረክባ ነበር የወጣችው። ታኅሣሥ 12 ግን ተመልሳ ሥራ ላይ ነበረች።

ሳትዘጋጅ ገባች። «ታኅሣሥ 12 መጋዘን ነበርሽ?» «አዎ።» «ቁልፉ በእጅሽ ነበር?» «አዎ።» ሁለቱም እውነት ናቸው። በሁለት እውነተኛ መልስ ሌላ ሰው ያወጣውን ዘይት በራሷ ስም አስመዘገበች። ዋዜማውን ቁጭ ብላ የፈቃድ ወረቀቷን፣ የርክክብ ሰነዱንና የደብዳቤውን ቀን ጎን ለጎን አድርጋ ቢሆን «ይህ ቀን በማን አቆጣጠር ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። በዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ ላይ የሰፈረው ወጪ እንዲቀርብላትም ታሳስብ ነበር። በሰዓትም ያው ነው፤ የጥበቃ ካሜራው 14:10 ይላል፣ ጠያቂው 8 ሰዓት ከ10 ይላል፣ ተጠያቂው በድንጋጤ 2 ሰዓት መስሎት ይመልሳል። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር በአንድ ማህደር ውስጥ በሚገናኙበት አገር እየኖርን ቀን ሳይመሳከር እውነት ይወጣል ማለት የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የመዘጋጀት ጉዳይ ሲነሳ አንዳንዱ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። የድርጅቱን ሰነድ በስልክ እያነሱ ወደ ግል ኢሜይል መላክ፣ ወይም ምስክር ይሆናል የተባለን ባልደረባ ይዞ ቃል ማጣጣም፣ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የሰነዱን ቁጥርና ቀን ጽፎ ገብቶ «ይህ ይቅረብልኝ» ማለት ይሻላል። አላቀርብም ከተባለም እምቢታው በቃለ ጉባኤው ይስፈር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ እንደ ማሳረጊያ ይመጣል። ታገሥ፣ ጊዜ ያወጣዋል። እውነት እያደር ይጥራ፤ የሕጉ ቀን መቁጠሪያ ግን አይጠብቀውም። ያላግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። በሌላ በኩል አሠሪውም ለስንብት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ካወቀ ከ30 የሥራ ቀን በኋላ በዚያ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይችልም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ከአራት ወር በፊት ተነስቶ ያለቀ ጉዳይ እንደ አዲስ ሲከፈትበት «እውነት ነው፣ ያኔ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብሎ ይተርካል። አሠሪው ነገሩን ያወቀው መቼ ነበር የሚለው ጥያቄ ትዝም አይለውም።

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም እንደዚያው ነው። «የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ናት፣ ፈርመህ ተቀበል፣ ምን ያንጫጫሃል» ይባላል። አዋጁ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድን ወይም 5 ቀን መቅረትን የስንብት ምክንያት ያደረገው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ሲቀጥል ነው። ያለ መልስ የተፈረመች ያቺ ቀላል ወረቀት ስትጠራቀም ከባዱን ውሳኔ የምትሸከመው እሷ ነች። መቀበል ግዴታ ከሆነ ከፊርማው ሥር «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም፤ መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አባቶቻችን እንኳ እንዲህ አይነት ምክር አያውቁም ነበር። በበላ ልበልሃ ዘመን ለሙግት የሚቆም ሰው ነገሩን ሲያሰላስል፣ ምስክሩን ሲለይ፣ ዋሱን ሲያዘጋጅ ከርሞ ነው ዳኛ ፊት «ተጠየቅ!» የሚለው። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ጨዋ ተብሎ አይመሰገንም ነበር፤ ይረታ ነበር እንጂ። አንገት መድፋት ባህላችን ነው የሚሉ ሰዎች የትኛውን ባህል እንደሚያወሩ ግልጽ አልሆነልኝም።

የይቅርታው ምክር ግን ከዚህ የረቀቀ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ምክሩ እውነት ያዘለበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ባለቤቱ ራሱ ሱቁ ውስጥ በሚውልበት፣ ሁሉም በስም በሚተዋወቅበት ትንሽ ድርጅት ውስጥ አለቃው የሚፈልገው ክብሩ እንዲመለስለት ነው። አንድ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ገብተው «ጋሼ፣ ልጅ ነው፣ ይተዉት» ቢሉ ነገሩ ይበርዳል፤ ብዙ ትዳር ብዙ እንጀራ በዚህ ድኗል። ችግሩ ያለው ሽምግልናውን ወደ ወረቀት ስናዛውረው ነው። ሠራተኛው በመካሪ አነሳሽነት «ለተፈጠረው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ጽፎ ይሰጣል። «ሁሉ» ሲል ምን ምን ማለቱ ነው? ማርፈዱን? የጎደለውን ሂሳብ? ከአለቃው ጋር መጨቃጨቁን?

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ስንብቱ ሕጋዊ ምክንያት እንደነበረው የማስረዳት ሸክም ያለው አሠሪው ላይ ነው። ምስክር ማቅረብ፣ ሰነድ ማያያዝ፣ ቀን መጥቀስ ይጠበቅበታል። ያቺ አንድ ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ግን ሸክሙን ከአሠሪው ትከሻ አውርዳ ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሽማግሌዎቹም በዚያን ጊዜ የሉም፤ የሰው ሀብት ኃላፊውም ተቀይሯል፤ የቀረው ደብዳቤው ነው። ይቅርታ የሚገባ ከሆነ በቃል፣ ለተበደለው ሰው፣ ለተለየው ነገር ይሁን። በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ያደረጉትን ብቻ፣ ካደረጉበት ቀንና ምክንያት ጋር።

«መዘጋጀትህን ካዩ ይናደዳሉ» ለሚሉት የምመልሰው አጭር ነው። በጠረጴዛው ወዲያ በኩል ያሉት ሰዎች የጥያቄ ዝርዝር አላቸው። ቃለ ጉባኤ ያዥ አላቸው። የምስክሮች ቃል ቀድሞ ተቀብለው አስቀምጠዋል፤ ትልቅ ድርጅት ከሆነ የሕግ ክፍሉም አይቶታል። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ስላዘጋጀ «የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊው ሻይ አስመጥቶ «ቀላል ነገር ነው፣ ለማጣራት ያህል ብቻ ነው፣ ዘና በል» ሲል ምናልባት ከልቡ ነው። ቀላል ከሆነ ግን የቃለ ጉባኤውን ቅጂ መስጠትም ቀላል ነው፤ አንብቤ ልፈርም የሚልን ሰው ሩብ ሰዓት መጠበቅም እንዲሁ። ቅጂ የለም ከተባለ ሠራተኛው ያንኑ ዕለት ማታ የተጠየቀውንና የመለሰውን በትዝታው ጽፎ በማግስቱ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ያድርግ፤ የገቢ ቁጥሩንም ይያዝ።

ከወዲያ ጫፍ ያሉትንም አልወዳቸውም፤ «ጠበቃ ካልያዝክ ትንፍሽ እንዳትል» የሚሉትን። መሥሪያ ቤት ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ለማጣራት ተጠርቶ አፉን የዘጋ ሰው ማህደሩ ውስጥ የሌላው ወገን ታሪክ ብቻ እንዲቀመጥ አደረገ፤ በአንዳንድ የሥራ ደንብ ደግሞ ትእዛዝ አለመቀበል ይባልበታል።

ከስብሰባው መልስ የሚመጣ አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ መካሪዎቹ ጭራሽ አያነሱትም። «እስኪጣራ ቤትህ ሁን፣ ስንፈልግህ እንደውላለን» ይባላል፣ በቃል። ሠራተኛው እፎይ ብሎ ይሄዳል። አዋጁ ስለ እግድ የሚለው ምክንያቱ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን እንደሚችልና ጊዜው ከ30 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ነው። የእግድ ደብዳቤ በሌለበት ግን ሠራተኛው ቀሪ ተብሎ በመቆጣጠሪያው ላይ ይመዘገባል፤ ከሳምንት በኋላ የሚደርሰው ወረቀት ስለ ዘይት ወይም ስለ ሂሳብ ሳይሆን ከሥራ ገበታው ስለመቅረቱ ቢያወራ አይግረመው። የእግድ ደብዳቤ አልሰጥም ካሉ በማግስቱ በሰዓቱ በር ላይ መገኘት፣ ካላስገቡም ያንኑ ዕለት «ለሥራ መጥቼ ተመልሻለሁ» ብሎ ገቢ ማድረግ ነው።

በእርግጥ ያጠፋው ሠራተኛስ? እሱ አይዘጋጅ የሚል ክርክር የሰማሁት ከጨዋ ሰዎች ነው፤ ጥፋተኛ ተዘጋጅቶ ሲያመልጥ ማየት ያማል። ግን ሕጉ ጥፋትን ሁሉ በአንድ ሚዛን አላስቀመጠም። ንብረት ለማበላሸት እንኳ ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ጠብ ለስንብት የሚያበቃውም ክብደቱ ታይቶ ነው። ያጠፋ ሰው የሚዘጋጀው ጥፋቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማሳየት ነው። በ6 ወር ውስጥ 7 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ፣ ስምንተኛው ቀን በድርጅቱ ሰርቪስ ብልሽት የዘገየበት ከሆነ፣ የሰርቪሱን ታርጋና የሾፌሩን ስም ይዞ ይግባ፤ ሰባቱን አዎ ይበል፣ ስምንተኛው ላይ አይፈርም።